በሚስቱ ስም

ማይክሮፎኑ እሷ ዘንድ ለመድረስ የቀረው ሁለት ሰው ነበር። ተነሥታ መውጣት አማራት፤ ግን በየት በኩል? ረጅሙ ጠረጴዛ ደራሲዎቹን ከመድረኩ ግድግዳ ጋር አጣብቋቸዋል። አንዱ ሽንት ቤት እንኳ ልሂድ ቢል ግማሹን ረድፍ ማስነሳት አለበት። ከፊቷ አዳራሽ ሙሉ የፍቅር ልብወለድ አንባቢ ተቀምጧል። አንገቷ ላይ ደግሞ «ደራሲ» የሚል ባጅ ከነሙሉ ስሟ ተንጠልጥሏል። ስሙ የእሷ ነው፣ ክርክር የለውም። ደራሲው ግን ባሏ ነው።

ባሏ የእሷን የእጅ ቦርሳ ጭኑ ላይ አድርጎ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ቁጭ ብሏል። የሒሳብ መምህር ነው። ቀጥ ብሎ ገብቶ ቀጥ ብሎ ስለሚወጣ ተማሪዎቹ «ማስመሪያ» ይሉታል። የመጀመሪያውን ልብወለድ የጨረሰ ጊዜ፣ ማስመሪያ የፍቅር መጽሐፍ ጻፈ ከተባለ ክፍል ውስጥ ማን ይፈራኛል ብሎ ተጨነቀ።

«ስምሽን ላንድ ጊዜ አበድሪኝ» አላት።

አበደረችው። ጎረቤት ለጎረቤት ስኳር ያበድር የለ፣ ሚስት ለባሏ ስም ብታበድር ምን ይጎድልባታል ብላ ነበር። ያ አንድ ጊዜ አራት መጽሐፍ ወለደ። መጽሐፎቹ ተወደዱ፤ አንባቢው ደራሲዋን ካላየን አለ፤ አሳታሚውም የደራስያን ጉባኤ ላይ ካልተገኘች ብሎ ባልየውን ቁም ስቅሉን አሳየው።

«ቁጭ ብለሽ ፈገግ ማለት ብቻ ነው» ብሏት ነበር ጠዋት ቀሚሷን ስትተኩስ። «ከጠየቁሽ ‹ገጸ ባሕርያቴ ራሳቸው ይናገሩ› በያቸው። ደራሲ ሁሉ እንደሱ ነው የሚለው።»

«ከዚህ በኋላስ?»

«ከዚህ በኋላማ የለም። የመጨረሻ ነው አልኩሽ እኮ።»

ጨዋታ እንደሚኖር ማን ያውቃል? የጉባኤው ሰብሳቢ፣ ሁሉም «እትዬ» የሚሏቸው ሽበታም ደራሲ፣ «ጽሑፍ ሲነበብ መስማት ሰለቸን» ብለው አንድ ታሪክ ጀመሩና ማይክሮፎኑን አጠገባቸው ላለው አቀበሉ። እያንዳንዱ ደራሲ ከተቋረጠበት ይቀጥላል። አንዲት ሴት ባሏ አንድ ደግ ቃል እንዲላት ዓመታት ጠበቀች። አንድ ቀን መጠበቁ መረራትና ከሥራ ሲገባ በር ላይ ቆማ መንገዱን ዘጋችበት። እትዬ የጀመሩት ይህንን ነው። ከሰው ሁሉ ታሪክ መርጠው የራሷን ኑሮ የመሰለ አመጡባት።

የተቀበላቸው አንድ ባለ ኮፍያ ደራሲ ነው። በየመጽሐፉ አንድ ሰው ካልቀበረ እንቅልፍ አይወስደውም ይባላል።

«ሰውየው ደረቱን ያዘ» አለ እያዘነ። «ሐኪሙ ብዙ አትቆይም ብሎት ነበር የመጣው።»

«ኧረ ጋሼ፣ ገና በር ላይ ነው፤ ትንሽ እንኳ አረፍ ይበል» አለች ከጎኑ ያለችው ወጣት። በስልክ በየቀኑ አንድ ክፍል እየለቀቀች ብዙ ተከታይ ያፈራች ልጅ ናት። አዳራሹ ሲስቅ ማይክሮፎኑን ወሰደችበት። «ሐኪሙ የሌላ ሰው ውጤት ነው የሰጠው። ያ ሌላ ሰው ደግሞ የሴትየዋ የድሮ ፍቅረኛ ነው!» ጭብጨባው ሲቀልጥ ዞር ብላ ማይክሮፎኑን እሷ እጅ ላይ አኖረችው። «በይ አንቺ አውጪያቸው» አለቻት በሹክሹክታ። «መጽሐፎችሽን በቃሌ ነው የማውቃቸው።»

እንግዲህ ጉድ ፈላ።

«ገጸ ባሕርያቴ ራሳቸው ይናገሩ» አለች።

«ይናገሩ እንጂ፣ ልጄ» አሉ እትዬ። «እኛስ ምን አልን? አናግሪያቸው።»

ሰው ሳቀ። ወደ ባሏ አየች። ከሦስተኛው ረድፍ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ የምትለውን ሊያቀብላት ይታገላል። አቤት ያን ጊዜ እንዴት እንደተናደደች። መጽሐፎቹ ውስጥ ያሉት ወንዶች «ያላንቺ አይነጋልኝም» ይላሉ። እሱ ነግቶ ሲነሣ የሚለው «ካልሲዬስ?» ነው። ለሰው ፊት የሚሆን ቃል አያጣም፤ ለእሷ ግን አንዲት ሳትተርፍ ስንት ዓመት ሆናት። ንዴቱ ፍርሃቷን አባረረላት።

«ሴትየዋ ላውንደሪ ቤት ነው የምትሠራው» አለች። በእርግጥ የምትሠራው እዚያ ነው፤ ይህን ግን ከባሏ በቀር እዚያ የሚያውቅ አልነበረም። «ልብስ ከመታጠቡ በፊት ኪስ ይፈተሻል። የሰው ኪስ ስትፈትሽ ብዙ ነገር ታገኛለች። አብረው የታጠፉ ሁለት የሲኒማ ትኬቶች። የሴት የፀጉር ጌጥ። አንዴ ከአንድ ሽማግሌ ኮት ውስጥ ለሚስታቸው የገዙት ከረሜላ ቀልጦ አገኘች። ያን ዕለት ኮቱን እየተኮሰች አለቀሰች። ቤቷ ስትገባ ደግሞ የባሏን ኪስ ትፈትሻለች። የተሰባበረ ጠመኔ ነው ያለው። ነገም ጠመኔ ነው። ምናልባት ዛሬ እያለች ሁልጊዜ ትፈትሻለች። እና ያን ቀን በር ላይ እጇን ኪሱ ውስጥ ከተተች።»

ባሏ አንገቱን ደፍቷል። ገባው ማለት ነው አለችና ባደባባይ ባላልኩት ብላ እስከ መጸጸት ደረሰች። ከዚያ ክንዱ ሲንቀሳቀስ አየች። ቦርሳዋን እንደ ጠረጴዛ ተጠቅሞ የፕሮግራሙ ወረቀት ጀርባ ላይ ይጽፋል።

«እና ምን አገኘች?» አሉ እትዬ ቀስ ብለው።

«ጠመኔ» አለች። ማይክሮፎኑን አስቀመጠች።

ጭብጨባው እስኪበርድ እትዬ ዓይናቸውን ከእሷ ላይ አልነቀሉም።

ፊርማ የሚሰጥበት ጠረጴዛ ጋ ሲያስቀምጧት ባሏ ቦርሳዋን እንደያዘ ከኋላዋ ቆመ። ፊቱ በርቷል።

«ጠመኔዋ ድንቅ ናት» አላት ጆሮዋ ሥር። «አምስተኛውን በሷ ነው የምጀምረው። ከየት አመጣሻት?»

«ከኪስህ።»

«እሱማ ልክ ነው» አለ ወረቀቱን እየገለበጠ። «ከረሜላው የቀለጠው ግን ኮት ውስጥ ነው ያልሽው፣ ጃኬት?»

በዚህ መሃል አሳታሚው እጁን ዘርግቶ መጣ። «ደራሲያችን፣ ዛሬ አኮሩን። ባለቤትዎ በእርስዎ ስም ሌላ ሦስት መጽሐፍ ቃል ገብተውልኛል። የሚቀጥለው ሽፋን ላይ ፎቶዎ ይወጣል፤ ከዚያ በየከተማው እየዞርን ከአንባቢ ጋር እናገናኝዎታለን።»

«የመጨረሻ ነው አላልከኝም?» አለችው ወደ ኋላ ዞራ።

«ቤት እንነጋገራለን።»

ቤት እንነጋገራለን የተባለ ነገር ቤት ተነሥቶ አያውቅም። ከፊቷ ሰልፉ እስከ በሩ ደርሷል፤ ከጀርባዋ ባሏ፣ ከጎኗ አሳታሚው። ስልክ ላይ የምትጽፈው ልጅ ሰልፉን ቀድማ ይዛ ጠርዙ የተላላጠ መጽሐፍ ዘረጋችላት።

«ከፊርማሽ በላይ ‹ያላንቺ አይነጋልኝም› የምትለዋን ጻፊልኝ፣ እህቴ። ክፉ ቀኔን በሷ ነው ያለፍኩት።»

ብዕሩን አነሣች። ወረቀቱን እስኪነካ አወረደችው። ከዚያ መልሳ አስቀመጠችውና ብድግ አለች።

«ቦርሳዬን ስጠኝ» አለችው።

ሰጣት። ትከሻዋ ላይ አንጠለጠለችና ባጁን በራሷ በኩል አውልቃ የባሏ አንገት ላይ አጠለቀችለት። ማስመሪያ እንደ ስሙ ቀጥ ብሎ ቀረ። አሳታሚው አፉን ከፍቶ አንዴ ባጁን አንዴ ሰውየውን ያያል።

«እሱ ይጻፍልሽ፣ እህቴ» አለች ለልጅቷ። «ቃሏም የእሱ ናት፤ መጽሐፉም።» ከዚያ ባሏን ዓይን ዓይኑን እያየች «የእኔ ተራ ሲደርስ ግን እንዳትጽፍልኝ» አለችው። «በአፍህ ነው የምትነግረኝ።»

ይህን ብላ ሰልፉን ተከትላ ወደ በሩ ሄደች፤ መጨረሻው ላይ ከአንዲት አሮጊት ኋላ ቆመች።