መርዙ የወጣበት ቁልፍ

የዓለምዘርፍ የእንስሳት ጤና ረዳት ነበረች። ከሸኮ ወደ ተፒ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ ተመድባ አራተኛ ዓመቷን ይዛለች። ገበሬው «ዶክተር» ይላታል፤ «ዶክተር አይደለሁም» ማለት ከታከታት ቆይቷል። የምታክመው ላምና በሬ፣ ፍየልና በግ፣ አልፎ አልፎም በቅሎ ነው። ውሻና ድመት በመዝገቡ ላይ ዓምድ እንኳ የላቸውም። ውሻ የመጣ ቀን «ሌላ» ከሚለው ሥር ትጽፈዋለች፤ ለዚያም የግብርና ጽሕፈት ቤቱ «ጊዜሽን አታባክኚ» ብሎ ሁለቴ ተቆጥቷታል።

በ1998 ዓ.ም. ታኅሣሥ፣ የቡናው ለቀማ ወደ ማለቁ ሲቃረብ፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ወለላ ጆንያ አዝላ እየሮጠች ክሊኒኩ ግቢ ገባች። ወለላ ባሏ ከሞተ ወዲህ ጫካው ጥግ ያለውን ቡናና በቆሎ ብቻዋን የምታለማ ሴት ናት። ጆንያውን መሬት ላይ ስታወርደው ከውስጡ የአንድ ትልቅ ቡላ ውሻ ጭንቅላት ወጣ።

«ዶክተር፣ ድረሺልኝ! አይበገር ሊሞትብኝ ነው!»

የውሻው አፍ አረፋ ይደፍቃል። መላ ሰውነቱ እንደ ወባ በሽተኛ ይንዘፈዘፋል፤ ትንፋሹ ጉሮሮው ውስጥ ይንኮራኮራል። የዓለምዘርፍ ዐይኑን ገልጣ አየች፤ ብሌኑ የመርፌ ቀዳዳ አክሏል። ጎንበስ ብላ አፉን አሸተተችና ደነገጠች። ሽታውን ታውቀዋለች። በየሳምንቱ ከብት የምትረጭበት የመዥገር መድኃኒት ነው።

«ምን በላ?»

«ሥጋ። ወደ ገበያ ስንወርድ ትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ቁራጭ ሥጋ ወድቆ አገኘ። ላስጥለው ብዬ ስሮጥ ዋጠው።»

ማን እንደጣለው ለማወቅ የዓለምዘርፍ ብዙ ማሰብ አላስፈለጋትም። ቅዳሜ አዲሱ የትምህርት ቤት ሕንፃ ይመረቃል። ከላይ እንግዶች ይመጣሉ። ባለፈው ሳምንት የዝግጅት ኮሚቴው «ባለቤት የሌላቸው፣ በየመንገዱ የሚልከሰከሱት ውሾች ገጽታችንን ያበላሻሉ» ሲል ሰምታ፣ የስብሰባ ወሬ ነው ብላ ትታው ነበር።

ማርከሻው አለ። አትሮፒን የሚባለው መርፌ ከፊት ለፊቷ፣ በብረት ቁም ሳጥኑ መስታወት ውስጥ ሆኖ ይታያታል። ቁም ሳጥኑ ግን ተቆልፏል። ቁልፉን የምትይዘው የንብረት ክፍሏ ማናልሞሽ ናት።

«እትዬ ወለላ፣ በጎኑ አስተኚው። አረፋው እንዳያንቀው አንገቱን ወደ ታች አድርጊለት። መጣሁ» አለችና ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሮጠች።

ኃላፊው አቶ ከፈለኝ ከኮሚቴው ጋር ስለ እንግዶቹ አቀማመጥ እየተነጋገረ ነበር። ሳታንኳኳ ገባች።

«አቶ ከፈለኝ፣ የመድኃኒቱን ቁም ሳጥን ቁልፍ ይስጡኝ። ውሻ ተመርዞ መጥቶብኛል፤ ደቂቃ የለኝም።»

ከተሰብሳቢዎቹ አንዱ ሳቀ። አቶ ከፈለኝ ግን አልሳቀም።

«እኛ ስለ እንግዳ እንጨነቃለን፣ አንቺ ስለ ውሻ ታወሪያለሽ? ቁልፉ ማናልሞሽ ጋ ነው። ማናልሞሽ መጋረጃ ልትገዛ ሚዛን ከተማ ሄዳለች። ነገ ትመለሳለች።»

«እስከ ነገማ ይሞታል!»

«ይሙታ! እንዲሞት አይደል የተበተነው?»

የዓለምዘርፍ ወደ ኮሚቴው ዞረች። «የመዥገሩን መድኃኒት ማን ሰጣችሁ?»

የከተማ ጽዳት ጉዳይን የያዘው ተረፈ የነገሩ ክብደት አልገባውም መሰል፣ በቅንነት መለሰ። «ማናልሞሽ ናት። ትናንት አሥር ሰዓት ላይ ከክሊኒኩ መጋዘን አውጥታ ሰጠችን። ነገ የሞቱትን እንለቅማለን።»

ትናንት አሥር ሰዓት ላይ የዓለምዘርፍ ገጠር ለክትባት ወጥታ ነበር። እሷ በሌለችበት፣ ከራሷ ክሊኒክ፣ እሷ የምትሠራበት መድኃኒት ነው የወጣው። መርዙ ሲፈለግ ቁልፉ ነበር። ማርከሻው ሲፈለግ ቁልፉ መጋረጃ ሊገዛ ሄደ! ዞራ ወጣች። እዚህ የምታጠፋው እያንዳንዱ ቃል ከውሻው ትንፋሽ ላይ እንደሚቀነስ ገባት።

ክሊኒክ ስትደርስ ወለላ የውሻውን ራስ ጭኗ ላይ አጋድማ፣ አረፋውን በሻሿ ትጠርጋለች። የዓለምዘርፍ በሬ የሚኮላሽበትን ከባድ የብረት ጉጠት አነሣችና የቁም ሳጥኑን መስታወት መታችው። በሁለተኛው ምት ረገፈ። እጇን ስታስገባ ስብርባሪው መዳፏን ቀደዳት፤ ልብ አላለችውም። መድኃኒቱን ቀድታ ግማሹን በደም ሥሩ፣ ግማሹን በቆዳው ሥር ወጋችው።

ከሩብ ሰዓት በኋላ አረፋው ቀነሰ። ደገመችው።

«ይኼ ውሻ ባይኖር የእኔ በቆሎ የዝንጀሮ ነው» አለች ወለላ፣ ለራሷ እንደምትናገር። «ባለቤት የለውም አሉ? እኔ ማን ነኝ ታዲያ?»

ለሦስተኛ ጊዜ ልትወጋው ስትዘጋጅ ልብስ ሰፊው ቤኪ በካርቶን ድመት ይዞ በሩ ላይ ቆመ። የዓለምዘርፍ ካርቶኑን አየት አድርጋ ራሷን ነቀነቀች። ድመቷ ደርቃለች።

«ሥጋ ይዛ ቤት ገባች» አለ ቤኪ። «ትንሿ ልጄ ናት ከአፏ ያስጣለቻት።»

«በእጇ? በእጇ ነክታዋለች?»

«አዎ…»

«ሩጥ! እጇን በሳሙና ደጋግመህ እጠብና ጤና ጣቢያ ውሰዳት! አፏ ካስገባችው ያው ናት፣ እንደ ድመቷ ናት!»

ቤኪ ካርቶኑን ጥሎ ሮጠ። የዓለምዘርፍ ወደ ውሻው ተመልሳ ሦስተኛውን መርፌ ወጋችው።

ስድስት ሰዓት ሲሆን አይበገር አንገቱን ቀና አድርጎ ወለላን አያት። የዓለምዘርፍ ጓንት አጥልቃ ባልዲ ይዛ ወጣች። ቤኪም ልጁ ደህና መሆኗን አረጋግጦ ተመልሶ ነበርና ተከተላት። ሁለቱ እስከ ማታ ሥጋ ሲለቅሙ ዋሉ። አሥራ አራት ቁራጭ አገኙ። አንዱ ልጆች ውሃ ከሚጠጡበት ቧንቧ ሥር ነበር። የሞቱት ውሾች ዘጠኝ ናቸው፤ ከዘጠኙ ሰባቱ አንገታቸው ላይ ገመድ ነበረባቸው። ባለቤት የሌለው ውሻ አንገቱ ላይ ገመድ ማን ያስርለታል?

ቅዳሜ ምርቃቱ በጭብጨባ አለፈ። በሁለተኛው ሳምንት የዓለምዘርፍ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ቀረበች። ክሱ «የመንግሥትን ንብረት ሆን ብሎ መስበር» ይላል።

«ሰብረሻል ወይስ አልሰበርሽም?» አለ አቶ ከፈለኝ።

«ሰብሬያለሁ። እኔም አንድ ጥያቄ አለኝ። የመዥገሩ መድኃኒት በየትኛው የንብረት ማውጫ ቅጽ፣ በየትኛው ሞዴል ሃያ ሁለት ነው ከመጋዘን የወጣው? ማን ፈረመበት?»

ማናልሞሽ አቀረቀረች። አቶ ከፈለኝ ወረቀቶቹን አገላበጠ።

«እሱ የኮሚቴ ውሳኔ ነው። አሁን የቀረበው የመስታወቱ ጉዳይ ነው።»

«የቤኪ ልጅ በእጇ የያዘችው ሥጋስ የማን ጉዳይ ነው?»

«ልጅቷ ሞተች?»

«አልሞተችም።»

«ታዲያ ምን ሆንሽ?» አለና አንድ ወረቀት ገፋላት። «ተሳስቻለሁ፣ ይቅርታ ይደረግልኝ ይላል። ፈርሚና በምክር እናልፍሻለን።»

የዓለምዘርፍ ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አነበበችው። ሲመታ የኖረ ሰው እንኳ እንዲህ ባለ ቋንቋ ይቅርታ አይለምንም። መልሳ ገፋችለት።

«ሌላ ቁም ሳጥን ተቆልፎ ሌላ ነፍስ ቢመጣብኝ ነገም እሰብራለሁ። ይህንን ጻፉልኝ፣ እሱ ላይ እፈርማለሁ።»

አልጻፉላትም። የጻፉላት የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ነበር፤ ቀጥሎም ወደ ማጂ በኩል የዝውውር ደብዳቤ። ስለ መርዙ ለበላይ አካል አቤት አለች፤ መልስ ሳይመጣ ቀረ። የሄደች ዕለት ወለላ አንድ ቅል ማር ይዛ መኪናው ድረስ ሸኘቻት፤ አይበገርም ከኋላዋ ነበር።

በፋሲካ ሰሞን ከሸኮ የመጣ ሾፌር ወሬ ነገራት። ኮሚቴው ዳግመኛ ሥጋ ሊበትን ሲነሣ፣ ቤኪ በቀበሌው ስብሰባ ላይ ልጁን አቅፎ ቆሞ «እዚህች ልጅ ፊት ድገሙት» ብሏል። ወለላም ከመንደሯ ሴቶች ጋር ሆና ጮኻለች። ነገሩ ያኔውኑ ቀረ። የዓለምዘርፍ ይህን ስትሰማ ደስ አላት። ነገር ግን ንዴቷ አልበረደላትም። አቶ ከፈለኝ ዛሬም እዚያው ወንበር ላይ ነው። በዘጠኙ ውሾችና በድመቷ የተጠየቀ ሰው የለም፤ የቤኪንም ልጅ «ይቅር በይን» ያላት አልተገኘም።