የመጨረሻው ጠረጴዛ

«ያቺ ሴትዮ እዚህም አለች» አለች ልጅቷ፣ ጣቷን ከብርድ ልብሱ ውስጥ አውጥታ ወደ ኮምፒውተሩ እየጠቆመች።

አባትየው ቀና አላለም። የሰርግ ቪዲዮ ቀራጭ ነው፤ ሰኞ የሚያስረክበው ሥራ አለበት። ሚስቱ ለሥልጠና ሌላ ከተማ ሄዳለች። ድንቡሼ እያሉ የሚጠሯት የስድስት ዓመት ልጃቸው ደግሞ ከሐሙስ ጀምሮ ትኩሳት ይዟታል። ክሊኒክ ያያት ሐኪም ሽሮፕ አዝዞ፣ «ከባሰባት ዛሬ ነገ ሳትል ሆስፒታል ውሰዳት» ብሎት ነበር። ቅዳሜ እስከ ምሳ ሰዓት ካርቱን ስታይ ቆየች። ሲሰለቻት «ሙሽሮቹን አሳየኝ» አለች። ሶፋውን ወደ መሥሪያ ጠረጴዛው አስጠጋላትና በአንድ እጁ ፊልሙን እየቆረጠ፣ በሌላው ግንባሯ ላይ ያለውን እርጥብ ፎጣ እየገለበጠ አብረው ማየት ጀመሩ።

«የቷ ሴትዮ?»

«ቢጫ ቀሚስ የለበሰችው። መጨረሻው ጠረጴዛ ላይ።»

ወደ ኋላ መለሰው። ከሚጨፍሩት ሰዎች ባሻገር፣ በአዳራሹ በር አጠገብ፣ አንዲት ሴት ተቀምጣለች። አትበላም፣ አታጨበጭብም። አጠገቧ ያለችውን ትንሽ ልጅ በክንዷ አቅፋለች። አዳራሽ ሙሉ ሰው ሙሽሮቹን ሲያይ እሷ የምታየው ካሜራውን ነው።

«እድምተኛ ናት እንግዲህ።»

«ቅድም ባየነው ሰርግም ነበረች። ሌላ ልጅ ይዛ።»

ልጅቷን ለማስደሰት ብሎ ያንን ሰርግ ከፈተው። ሴትዮዋ እዚያም አለች። ከዓመት በፊት የቀረጸውን ሦስተኛ ሰርግ ፈልጎ ከፈተ። ያው ቢጫ ቀሚስ፤ አጠገቧ የሸሚዙን ቁልፍ እስከ አንገቱ የቆለፈ ቀጭን ልጅ። ሦስቱ ቤተሰቦች ጨርሶ አይተዋወቁም። ሦስቱንም በገዛ እጁ ቀርጿል። የሚዜ ጫማ ማሰሪያ ቢፈታ የማያመልጠው ዓይኑ ይህችን ሴት አላያትም ነበር።

ለአንደኛው ሙሽራ ደወለና ነገሩን እንደ ዋዛ አድርጎ ጠየቀው።

ሙሽራው ሳቀ። «እኛ እኮ ከእናንተ ጋር የመጣች መስሎን ነበር። ባለቤቴ እንዲያውም ‹የቀራጩ ሚስት እንዴት ያለች ዝምተኛ ናት› ስትል ነበር።»

ኮምፒውተሩን ዘጋው። የቀረውን ቀን ካርቱን ሲያዩ አመሹ።

እሑድ ጠዋት የሙቀት መለኪያው ሠላሳ ስድስት ተኩል አሳየ። መለኪያውን ሊስመው ምንም አልቀረውም። ለሚስቱ ደውሎ «ለቀቃት፤ አይዞሽ፣ አሁን ተንፍሺ» አላት። ልጅቷ ግን ቁርሷን አልነካችም። አላለቀሰችም፣ አልተነጫነጨችም፤ ዝምታዋ ከዕድሜዋ በላይ ሆነበት። እስከ ረፋዱ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«አባዬ፣ ያለፈው ሳምንት ሰርግ ይታይ።»

ያንን ገና አልከፈተውም ነበር። እጁ እምቢ እያለው ከፈተ። ኬክ ሲቆረስ አየ፣ ፊኛዎች አየ፣ ከዚያ መጨረሻውን ጠረጴዛ አየ። ሴትዮዋ ዛሬ ብቻዋን ናት። አጠገቧ ባዶ ወንበር አለ። አውቶቡስ ውስጥ ለሚመጣ ሰው ቦታ እንደሚይዝ ሰው መዳፏን ወንበሩ ላይ ዘርግታለች።

«ማንን ይሆን የምትጠብቀው?» አለ፤ ለራሱ ነበር።

«ለኔ ይዛልኝ ነው» አለች ልጅቷ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ። ሁሉም ሰው የሚያውቀውን ነገር የምትናገር ነበር የምትመስለው።

ብርድ ልብሱን ገልጦ እግሯን ያዘ። በረዶ ነው። የጥፍሮቿ ሥር ጠቁሯል፤ ደረቷ ላይ ልቧ እየተጣደፈ ይመታል። «ድንቡሼ» ሲላት የመለሰችለት ቆይታ ነው፣ እሱንም ከሩቅ። አቅፏት ወጣ። ኮምፒውተሩን አላጠፋም፤ በሩን መቆለፉንም አላስታወሰም።

ድንገተኛ ክፍል የተቀበለቻት ሐኪም የልጅቷን ጥፍር በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ለቀቀችና ድምጿን ከፍ ሳታደርግ ነርሶቹን ጠራች። ሦስት ሰዎች ከበቧት። እሱን ግድግዳው ጋ አቆሙት። ከብዙ ጊዜ በኋላ ሐኪሟ ጓንቷን እያወለቀች መጣች።

«ትኩሳቱ ለቋታል ብለህ አስተኝተሃት ቢሆን ኖሮ…» አልጨረሰችውም። «ምን አይተህ ነው ያመጣሃት?»

«እግሯ ቀዘቀዘብኝ።»

ሌላውን ለሐኪም እንዴት ብሎ ይንገራት?

አሥር ሰዓት ሲሆን ግሉኮሱ ግማሽ ደርሷል፤ መዳፉ ውስጥ ያለው ትንሽ እግር ሞቅ ማለት ጀምሯል። ልጅቷ ውኃ ጠየቀች። ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ ጨልጣ ጠጣች፣ ከንፈሯን በእጅጌዋ ጠረገች። ልክ እንደ ወትሮዋ። ከቅዳሜ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻው ወረደ፣ ሳቅም መጣበት።

«አባዬ» አለች፣ «ወንበሩ ተያዘ።»

ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ። «በማን?»

ፊቷን የሚቀጥለውን አልጋ ወደ ከለለው መጋረጃ አዞረች። ከመጋረጃው ወዲያ አንዲት እናት የልጇን ስም ትጠራለች፤ ለትምህርት ቤት እንደምትቀሰቅስ ሁሉ፣ በለሆሳስ፣ ደጋግማ።