«ምክንያት» የሚለው መስመር

«አልቅሺ እንጂ ልጄ፣ እንባሽን አታምቂው» አሉ አጠገቧ የተቀመጡት ሴትዮ፣ ለሦስተኛ ጊዜ። አመለወርቅ ራሷን ነቀነቀች። ሴትዮዋ የንፍሮውን ሳህን ወደ እሷ ገፋ አደረጉና ወደ ጨዋታቸው ተመለሱ። የሚያወሩት ከሐርተሼክ ስለሚመጣው ጨርቅ ነበር።

ዕለቱ ሰልስት ነው። የእድሩ ድንኳን ግማሹን የጅጅጋ የመንግሥት ሠራተኛ ይዟል። አስተማሪው፣ የጤና ጣቢያው ሰው፣ ፈቃድ የወጣው ወታደር፣ ሁሉም አለ፤ ከወዲያ ጥግ ሱማሌ ነጋዴዎችና ጎረቤቶች ሽርጣቸውን ሰብስበው ተቀምጠዋል። የመጡት ለአባቷ ለወልደሥላሴ ነው። ወልደሥላሴ የከብት ክትባት ሠራተኛ ነበር፤ ለሥራ ጉናጋዶ ወርዶ በሁለት ቀን ትኩሳት ቀረ። አርብቶ አደሮቹ «ዶክተር» ይሉት ነበር። ዶክተርስ አልነበረም። «ዶክተሯ ልጄ ናት፣ ዓለማያ የእንስሳት ትምህርት ሦስተኛ ዓመት ደርሳለች» እያለ ላገኘው ሁሉ ይናገር ነበር። ልጁ ግን የመልቀቂያ ቅጽ ሞልታ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛለች።

ቅጹ ሁለት ነገር ይጎድለዋል። አንዱ የወላጅ ፊርማ ነው። ሌላው «ምክንያት» ከሚለው ቃል ፊት ለፊት ያለው ባዶ መስመር። ምን ይጻፍበት? አልታመመችም። አልወደቀችም፤ ውጤቷ ባያኮራም የሚያባርር አይደለም። ከፍቅረኛ አልተጣላችም፣ ፍቅረኛም የላትም። ጠዋት ደወል ሲደወል ትነሳለች፣ ክፍል ትገባለች፣ የላም ጨጓራ አራት ክፍሎችን በሥርዓት ደብተሯ ላይ ትስላለች። ከዚያ ሁሉ ውስጥ የኔ ነው የምትለው አንድም ነገር የለም። ፍላጎቱ መቼ እንደጠፋ ቢጠይቋት አታውቅም፤ ምናልባት ከመጀመሪያውም አልነበረም። ቅጹ እስከ ሰኞ ለሬጅስትራር ካልደረሰ ለፈተና መቀመጧ ግድ ነው። ዛሬ ደግሞ ዓርብ ነው።

አመጣጧ ራሱ የሚያሳፍር ነበር። ረቡዕ ማለዳ ጎረቤታቸው መምህር ጫኔ ከዶርሟ ደጃፍ ቆሞ አገኘችው።

«አባትሽን ትንሽ አሞታል፣ ተነሺ እንሂድ» አላት።

መርዶ የሚመጣው እንዲህ ነው። ሰው አገር አቋርጦ ሲመጣ ሞት መንገድ ላይ አይነገረውም፤ «ትንሽ አሞታል» ይባልና ቤቱ ሲደርስ ይረዳል። ይህን ልጅ አዋቂው ያውቀዋል፣ እሷም ታውቀዋለች። ግን ያ ቅጽ ስላለ ሐሳቧ በቀጥታ ወደ ቦርሳዋ ሄደ። ደበሌ የሚባል የጅጅጋ ልጅ አብሯት ይማራል፤ አፉ አያርፍም። አሳብቆባታል ማለት ነው። አባቷ አልታመመም፤ አስጠርቶ ሊቆጣት ነው።

ስለዚህ ከሐረር እስከ ካራማራ ንግግር ስታጠና መጣች። «አባባ፣ ትምህርቱን አልወደድኩትም። ማንም አልበደለኝም። አንተንም ላሳፍርህ ብዬ አይደለም...» ባቢሌ ላይ ጫኔ ለውዝ ገዝቶላት፣ ዓይኗን ሳያይ «ብዪ እንጂ» አላት። የተቀየማት መሰላት። ሰፈር ደርሳ ድንኳኑን ስታይ እንኳ የጎረቤት ነው አለች። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች ከበር ሲቀበሏት «አባባ የታል? የምነግረው አለኝ» አለች።

ሴቶቹ ይህን ሲሰሙ እንደ አዲስ ጮኹ። አስለቃሿ ቃሉን ካፏ ቀበል አድርጋ ግጥም አደረገችው። የምትነግረው ነበራት፣ ሳይሰማት ሄደ እያለች ድንኳኑን ሙሉ ደረት አስመታች። ቀብሩ ካለፈ ሰዓታት ሆኖት ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ አመለወርቅ እንባ እምቢ አላት። ሰው ሁሉ በእሷ ሰበብ ሲላቀስ እሷ እንደ ሌባ ተቀምጣ ታያለች።

ከሰዓት ጫኔን ወደ ጓሮ ጠርታ ቅጹን አሳየችው። ጫኔ ደግ ሰው ነው፣ ነገር አያስረዝምም። መነጽሩን አድርጎ አነበበ፤ ብዕሩን ከኪሱ አወጣና በባዶው መስመር ላይ «በአባቴ ሞት ምክንያት» ብሎ በቆንጆ የእጅ ጽሑፉ ሞላላት።

«ይኸው። በዚህ የሚጠይቅሽ የለም» አላት።

እውነቱን ነው፣ ማንም አይጠይቃትም። አመለወርቅ አመስግና ወረቀቱን አጠፈችው። ግን አባቷን እንደ ሰበብ አጥፋ ኪሷ የከተተችው መሰላት፤ በራሷ አፈረች።

ለነገሩ ትምህርቱን የመረጠችው ለእሱ ብላ ነው። ለእረፍት ስትመጣ ወልደሥላሴ መርፌዎቹን ቡታጋዝ ላይ እየቀቀለ «እሺ፣ ስለ አባ ሰንጋ ምን ተማራችሁ?» ይላታል። እሷም ለእሱ ስትል ያጠራቀመችውን ትዘረግፋለች። ስለ አባ ሰንጋ ጀምረው ስለ ግመል እከክ ይጨርሳሉ። ሥራውን እንዲህ የሚወድ ሰው ፊት እንዴት ተደርጎ አልፈልግም ይባላል?

ወደ ድንኳኑ ስትመለስ ጃማ መጥቷል። ጃማ የቀብሪበያ የከብት ደላላ ነው፤ አባቷ ገጠር ሲወጣ አስተርጓሚውም እሱ ነበር። እሷ ከልጅነቷ ጀምሮ አደር ነው የምትለው፣ በሱማሌኛ አጎት ማለት ነው።

«አላህ ያጽናሽ» አላት። አጠገቡ አስቀመጣት። ፈገግ አለ። «አባትሽ ግመል ይፈራ ነበር፣ ታውቂያለሽ?»

«አባባ?»

«ወላሂ! አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ። ‹ጃማ ያዘው፣ ጠበቅ አድርገህ ያዘው› ይለኛል። ከግመሉ ይልቅ የሚንቀጠቀጠው እሱ። ወግቶ ሲጨርስ ዞር ብሎ ፊቱን ይታጠባል።»

«ሥራውን ግን ይወደው ነበር» አለች አመለወርቅ።

«ማን? ዶክተር?» ጃማ እጁን አወናጨፈ። «ድሬዳዋ መዝገብ ቤት እንመድብህ አሉት፣ እምቢ አለ። አንተ ሰውዬ፣ ለምን አትገላገልም አልኩት። ‹ልጄ ይህን ሥራ ትወዳለች። እኔ ጥዬው ብሄድ ልቧ ይሰበራል። ትመረቅ፣ በማግሥቱ እለቃለሁ› አለኝ።»

አመለወርቅ መጀመሪያ የመጣባት ሳቅ ነበር፤ በነጠላዋ አፏን ያዘች። ቀጥሎ ንዴት መጣ። አንድ ቀን ቢናገር ምን ነበረበት? እሷስ ብትናገር? ድሬዳዋ ሄዶ ቢሆን ጉናጋዶ ምን ያደርግ ነበር?

ተነስታ ወደ ቤት ገባች። እናቷ እታገኘሁ መሬት ላይ በተነጠፈው ፍራሽ ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች፤ ሴቶቹ ትንሽ ትረፍ ብለው ወጥተውላታል።

«እማዬ፣ አባባ ሥራውን አይወደውም ነበር?»

«አንድ ቀን ወዶት አያውቅም።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንቺ ስትመጪ ስለ ከብት በሽታ ስታወሩ ወጡ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ነው። ደስ ብሏችኋል አልኩ። ደግሞም ደስ ይላችሁ ነበር።»

«እኔም አልወደውም፣ እማዬ። ልተወው ነው። የመልቀቂያ ወረቀቱን ይዣለሁ፣ ወላጅ ይፈርምበታል።»

እታገኘሁ ቀና ብላ ልጇን አየቻት።

«ሁለት ሞኝ አንድ ማዕድ ላይ አስቀምጬ!» አለች። ሳቋ መሀል ላይ ተሰበረ። ፊቷን ጠረገችና እጇን ዘረጋች። «አምጪው ወረቀቱን። ምን እንደሚል አንብቢልኝ።»

አመለወርቅ ስሟን አነበበች፣ ትምህርት ክፍሏን አነበበች። «ምክንያት» የሚለው ጋ ስትደርስ ቆመች። ብዕር ፈልጋ የጫኔን ቆንጆ ጽሑፍ በአንድ መስመር ሰረዘችው፤ ከላዩ ላይ ጻፈች።

«ትምህርቱን ስላልወደድኩት» ብላ አነበበች።

«እንዲህ ተብሎ ይጻፋል?»

«እንጃ። ላይቀበሉኝም ይችላሉ።»

«ባይቀበሉሽስ?»

«ቁጭ ብዬ እነግራቸዋለሁ። ንግግሩን አጥንቼዋለሁ።»

እታገኘሁ ቅጹን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ በመሠረተ ትምህርት በተማረችው ፊደል ስሟን አንድ በአንድ ጻፈች። ከዚያ ብዕሩን መልሳ ሰጠቻት።

«ለእሱም ፈርሚለት» አለች።

«እማዬ፣ የሚፈልጉት አንድ ፊርማ ነው።»

«ይሁን። እሱም ይልቀቅ።»

አመለወርቅ ከእናቷ ስም ሥር፣ ዝቅ ብላ፣ በትንንሹ «ወልደሥላሴ» ብላ ጻፈች። የመጨረሻው ፊደል ላይ ውሃ ጠብ አለበት፤ በነጠላዋ ጫፍ ቀስ ብላ አደረቀችው።