አመሰግናለሁ የማይባልበት በር

ባሌ ኦሪን ላም መንገድ ዘግታበት እንኳ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው መከሩን ሙሉ «ባለጌ ሁን» እያልኩ ያሠቃየሁት እኔ ነኝ።

ነገሩ የመንገድ ነው። አጋዘን ወደምናድንበትና ወጥመድ ወደምንዘረጋበት የመንግሥት ተራራ የሚወስደን ብቸኛው መንገድ በሃልቮርሰን እርሻ ውስጥ ያልፋል። ሽማግሌው ሃልቮርሰን ሲሞት ዴዝመንድ የሚባል የከተማ ሰው እርሻውን ገዛና በሩ ላይ ሰሌዳ ሰቀለ፦ «በባለቤቱ ፈቃድ ይለፉ። እንኳን ደህና መጡ።»

«እንዴት ያለ ጨዋ ሰው ነው!» አለ ኦሪን።

«በጨዋነቱ መንገዳችንን ሊበላን ነው እኮ!» አልኩት።

እዚህ ሞንታና ሰው ሳያስፈቅድ ለዓመታት የተመላለሰበት መንገድ የሕዝብ ይሆናል። እየተፈቀደለት ካለፈ ግን የባለቤቱ ችሮታ ነው፤ ባሰኘው ቀን ይዘጋዋል። ስለዚህ ጎረቤቶች ተሰብስበን ከሰስን፤ ማመስገን ፈቃዱን እንደ መቀበል ነውና፣ ፍርድ እስኪሰጥም ማንም ዴዝመንድን እንዳያመሰግን ተማማልን።

ሰውየው የሚጠላ ቢሆን ምን ነበረበት! ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀናል።

«ጋሽ ኦሪን፣ ይለፉ፣ ፈቅጃለሁ! ባለቤቴ ኬክ ጋግራለች!»

ኦሪን ጆሮው ድረስ ይቀላል።

«አንጀቴን በላው፤ አንዴ እጄን ላውለብልብለት?»

«ዝም ብለህ ንዳ!»

ፍርድ ቤት የዴዝመንድ ጠበቃ ኦሪንን አስነሣው። «እርስዎን የመሰለ ትሑት ሰው ሟቹን ሳያስፈቅድ ያልፍ ነበር ቢባል ማን ያምናል?»

የፈራሁት ደረሰ። እኔም ብሆን አላምንም ነበር።

ኦሪን ባርኔጣውን በእጁ አሽከረከረ። «ከሃልቮርሰን ጋር ገና በጎረምሳነታችን ተኳርፈናል። ብቻዬን ሳልፍ እሱ ‹ከመሬቴ ውጣ!› ይላል፣ እኔ ምላሴን አውጥቼበት አልፋለሁ። እስኪሞት ድረስ እንዲሁ ነበርን።» ከዚያ አንገቱን ደፋ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ክቡር ዳኛ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ስንት ዓመት አብሬው ስኖር ይህን ጉድ አልሰማሁም! ዳኛው ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት፤ መንገዱም የሕዝብ ነው ተብሎ ተፈረደልን።

በማግሥቱ ኦሪን በሩ ላይ መኪናውን አቆመ። ወርዶ የዴዝመንድን እጅ በሁለት እጁ ያዘና «አመሰግናለሁ፣ አመሰግናለሁ፣ አመሰግናለሁ» አለው። አላቆም አለ።

ዴዝመንድ ግራ ገባው። «ለምኑ ነው ጋሽ ኦሪን? መንገዱ እኮ የእናንተ ሆኗል።»

«የዛሬውን አይደለም ልጄ፤ የከረመብኝን ምስጋና ነው የምከፍልህ።»