በቃጠሎው ላይ የሚጠለፍ አበባ

ልብስ ሰፊዋ ካውያውን ብድግ ያደረገችው ሽታው አፍንጫዋ ከደረሰ በኋላ ነበር። ስልክ ተደውሎላት ሱሪው ስለሚያጥርለት ደንበኛ ስታወራ፣ ካውያው ክሬም ቀለም ባለው ቀሚስ ደረት ላይ ተቀምጦ ቀረ። ከአንገቱ አራት ጣት ዝቅ ብሎ፣ በግራ በኩል፣ አውራ ጣት የሚያህል ቡናማ ምልክት ወጥቷል። ዳር ዳሩ ገርጥቷል፣ መሃሉ ጠቁሯል። በጥፍሯ ጫፍ ብትነካው ጨርቁ እንደ ደረቀ ቅጠል ኩርሽም አለ።

ሌላ ቀሚስ ቢሆን በተሻለ። ይሄ ግን የሙሽራዋ እናት የተዳረችበት ነው። ሙሽራዋ ሰፈሩ ውስጥ ያለው ትምህርት ቤት አስተማሪ ናት፤ እናቷን ከቀበረች ሦስት ዓመቷ። ቀሚሱን በትራስ ልብስ ጠቅልላ እንደ አራስ ልጅ ታቅፋ ነው ያመጣችው። ወገቡ ጠበብ፣ እጅጌው አጠር እንዲልላት ብቻ ጠየቀች። «ሌላውን አይንኩብኝ፣ እትዬ» ብላ ነበር የሄደችው። ቀኑ ማክሰኞ ነው። ልትለካው የምትመጣው ሐሙስ፣ ሠርጉ እሁድ።

ልብስ ሰፊዋ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ያንን ጨርቅ የሚመስል ሌላ ጨርቅ የትም አይገኝም። ቢጣፍ ይታያል። ደረቱ ተቆርጦ ቢቀየር ደግሞ ቀሚሱ የእናትየው መሆኑ ይቀራል። ካሰበች ካሰበች በኋላ የታያት አንድ መላ ብቻ ነበር፦ አንገቱን ዙሪያውን አበባ በአበባ አድርጎ መጥለፍ፣ አንዱን አበባ ቃጠሎው ላይ ማሳረፍ። ችግሩ፣ እሷ የእጅ ጥልፍ ከተወች ሃያ ዓመት አልፏታል። የስፌት መኪና የገዛች ዕለት ነው መርፌ በእጅ መያዝ የተወችው፤ በዚያም ከታላቅ እህቷ ጋር ተቀያይመው ከርመዋል።

ታላቅየዋ ከሱቁ ጀርባ ያለው ክፍል ውስጥ ነው የምትኖረው። ሰፈርተኛው «ዳኛዋ» ይላታል፣ በማንም ስፌት ላይ ሳትፈርድ ስለማታልፍ። እጇ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ግን መርፌ አልያዘችም። ታናሽየዋ ቀሚሱን ይዛ ስትገባ ዳኛዋ አየችው፣ ዳሰሰችው፣ ከዚያ ምንም ሳትል ከአልጋው ሥር የክር ሣጥኗን ጎትታ አወጣች። ቱባዎቹን አንድ በአንድ አልጋው ላይ ደረደረቻቸው።

ታናሽየዋ እጇን ወደ ቀዩ ሰደደች። ዳኛዋ እጇን መለሰችባት።

«ቀይ ክሬም ላይ ይጮኻል። የሚጮኸውን አንገቱ መሃል አድርጊው፣ ሰው ዓይኑን እዚያ ይጣል። ቃጠሎው ላይ ፈዛዛ ሰማያዊ፤ ትልቅም ትንሽም ያልሆነ አበባ። ለቅጠሉ አቧራ የነካው የሚመስለውን አረንጓዴ ውሰጂ፤ ይሄኛው ገና ከሱቅ የወጣ ይመስላል።»

ስፌቱንም እንዲሁ አከፋፈለችላት። ግንዱ ሰንሰለት ስፌት፤ ቅጠሉ ከመሃል ወደ ዳር በሁለት ወገን፤ የአበባው መሃል ቋጠሮ በቋጠሮ። ቃጠሎው ላይ የሚያርፈው አበባ ጥቅጥቅ ያለ ሙሌት ይሁን፤ ከሥሩ ስስ ገበር ይደረብ፤ መርፌው ሁልጊዜ ከቃጠሎው ውጪ ባለው ጤነኛ ጨርቅ ይግባ፣ በጤነኛው ይውጣ። የተቃጠለ ጨርቅ ክር አይዝም። ይህን ሁሉ ብላ ስትጨርስ ቀና አለችና ሙሽራዋ ስለ ቃጠሎው ታውቅ እንደሆነ ጠየቀቻት።

«ታውቃለች» አለች ታናሽየዋ። «ነግሬያታለሁ።»

ለምን እንደዋሸች ራሷም አላወቀችም። ቃሉ ቀድሟት ወጣ።

ማክሰኞ ከሰዓትና ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ጠለፈች። ጣቷ እንደ እንጨት ደርቆባት የመጀመሪያውን ቅጠል ሦስት ጊዜ ፈታችው። መርፌ ወጋት፤ ደሟ ክሬሙ ላይ እንዳይንጠባጠብ እጇን ወደ ላይ ሰቅላ እንደ ምስክር ቆመች። በሩ ላይ ኮቴ በሰማች ቁጥር ቀሚሱን ከሌላ ልብስ ሥር ትሸሽገዋለች። ሐሙስ ጠዋት እነግራታለሁ ትላለች። መልሳ ደግሞ፣ ካማረ ምን ያስነግራል ትላለች። ዳኛዋ በየሰዓቱ እየመጣች የስፌቱን ጀርባ በጣቷ ጫፍ ትዳስስና «ይሁን» ብላ ትመለሳለች፤ ከእሷ አፍ ይሄ ትልቅ ምርቃት ነው።

ረቡዕ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቀዩ አበባ አልቋል፣ ሰማያዊው እኩሌታው ላይ ደርሷል። ልብስ ሰፊዋ ክር ልትቆርጥ ወደ መስኮቱ ዞር ስትል በሩ ተንኳኳ። የከፈተችው ዳኛዋ ነበረች። ሙሽራዋ ናት፤ ሐሙስ የመምህራን ስብሰባ ስላለባት ቀድማ መጣች።

«ግቢ ልጄ» አለቻት ዳኛዋ ደስ ብሏት። «አበባው እንዴት እንደወጣልሽ ብታዪ። ቃጠሎው ለእኔ እንኳ ሊጠፋብኝ ምንም አልቀረው።»

«የምን ቃጠሎ?»

ዳኛዋ ወደ እህቷ ዞረች። ልብስ ሰፊዋ መቀሱን እንደያዘች፣ ወለል ወለሉን እያየች ተናገረች።

«ካውያ ትቼበት ነው። ትናንት። ልነግርሽ ፈርቼ ነው።»

ሙሽራዋ አልጮኸችም። ቀሚሱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ገለበጠችው፤ የገበሩን ዳር፣ የወገቡን ስፌት፣ የእጅጌውን ጫፍ አንድ በአንድ መረመረች። ያልተነካውን እንኳ ሳታስቀር። ያ ምርመራ ለልብስ ሰፊዋ ከስድብ ባሰባት።

«ብትነግሩኝ አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር» አለች በመጨረሻ። «አሁን የማስበው ሌላ ያልነገሩኝ ምን እንዳለ ነው።»

ከዚያ ቃጠሎው ላይ ያረፈው የትኛው አበባ እንደሆነ ጠየቀች። ሲያሳዩዋት ከሣጥኑ ዝገት የመሰለ ብርቱካንማ ክር መዘዘችና ያ አበባ በዚህ ይሁን አለች። ዳኛዋ ዓይን እንደሚስብ ልታስረዳት ሞከረች። ልጅቷ «ይሳብ» አለች፤ ክሩንም ለልብስ ሰፊዋ ዘረጋችላት።

ሰማያዊው መፈታት ነበረበት። ልብስ ሰፊዋ በሕይወቷ እንዲህ የተጨነቀችበት ሥራ የለም። ልጅቷ ፊት ለፊቷ ተቀምጣ ዓይኗን ከልብስ ሰፊዋ እጅ አልነቀለችም። የመጀመሪያውን ክር ሳብ ስታደርግ የጠቆረው ጨርቅ አብሮ ተነሳ።

«አትጎትቺ» አለች ዳኛዋ፣ ከንዴቷ ጋር። «ከበስተኋላ ቁረጪና አንድ በአንድ አውጪው።»

አንድ በአንድ አወጣችው። መሃሉ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ቀዳዳ ተከፍታ ገበሩ ብቅ አለ። ልጅቷም አየችው። ቀዳዳውን በቋጠሮ ሞሉት፤ ዙሪያውን ብርቱካንማው ከዳር እየተነሳ ከደነው። ዳኛዋ በሚንቀጠቀጥ ጣቷ መርፌው የሚወጣበትን ቦታ እያመለከተች ነበር፤ አንድም ጊዜ ግን የእህቷን ፊት አላየችም። ልጅቷ ቀሚሱን ለካችው፣ ወገቡ ልክ ነበር። «አርብ ወንድሜ ይወስደዋል» ብላ ወጣች።

እሷ ስትወጣ ዳኛዋ ክሮቹን ወደ ሣጥኑ መለሰች። «በገዛ ቤቴ መሳቂያ አደረግሽኝ» ብቻ አለች፤ እስከ ቅዳሜ ሌላ ቃል አልወጣትም። እሁድ ልብስ ሰፊዋ ሱቁን አልከፈተችም። አሁን አደባባይ ላይ ናቸው፣ አሁን ያ አበባ እየታየ ነው እያለች ስትንቆራጠጥ ዋለች። ሰኞ ማንም መጥቶ ምንም አላለም። ማክሰኞም።

በሁለተኛው ሳምንት ሙሽራዋ መጣች። ስለ ሠርጉ አላነሳችም። የሥራ ጉርድ ይዛ ነው፣ ማጠር የሚፈልግ። ልብስ ሰፊዋ ተቀብላ ወደ ብርሃኑ ስትዘረጋው ልጅቷ በሩ ላይ ቆም አለች።

«ማወቅ ያለብኝ ነገር አለ?»

ልብስ ሰፊዋ ጉርዱን ገልብጣ አየች። ዚፑ እንደላላና ሊከፈት እንደሚችል፣ ጨርቁ ሲታጠብ ሊሰበሰብ ስለሚችል ብዙ ማሳጠር እንደማያዋጣ፣ በጎኑ ላይ ድሮ የተተረተረ ስፌት እንዳለና እሱን ለማስተካከል ሌላ ቀን እንደሚጨምር፣ ያየችውን ሁሉ ነገረቻት። ልጅቷ እስክትጨርስ አዳመጠቻት። ከዚያ ራሷን ነቀነቀች፣ ጉርዱንም ትታላት ሄደች።