ሲሄድም ሲመለስም ቁልቁለት

ከኅዳር ሚካኤል ማግስት ጀምሮ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ ቃሊቲ የሚወስደው መንገድ ለአቶ አያልነህ ሲሄድም ሲመለስም ቁልቁለት ሆነ። ለሌላው ሰው መንገዱ እንደ ድሮው ነው፤ ጠዋት ይወርደዋል፣ ማታ እያቃሰተ ይወጣዋል። አያልነህ ግን ጠዋትም ይወርዳል፣ ማታም ይወርዳል።

ነገሩን ያመጣው የነዳጅ ሰልፍ ነው። ማደያ ያመሸ ሰው ቤቱ የሚገባው ሚስቱ ከተኛች በኋላ ነው። የአያልነህ ሚስት ስንዱ ደግሞ የምትተኛው ለስሙ ነበር። ሳንባዋ ከታመመ ወዲህ ትራስ በትራስ ላይ ደራርባ፣ ተደግፋ፣ አየር ስትለምን ታድራለች። ሐኪሙ ነገሩን አላድበሰበሰም። «ከፍታው ነው የጎዳት። ቆላ ብትወርድ ትሻላለች። እዚሁ ከቆየች ግን መጪውን ክረምት እፈራላታለሁ» አለ። ቆላ ዘመድ የላቸውም። አያልነህ ቃሊቲ ባለ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የቤት ቀለም ሲቀምም የኖረ ሰው ነው፤ ቆላ ወርዶ ምን ሊቀምም? ሊያደርግላት የሚችለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በጊዜ ቤቱ መግባት። ለዚህ ብሎ ነዳጅ ትቆጥባለች የተባለች ያገለገለች ሃይብሪድ መኪና ገዛ።

መኪናዋ ግን እንደተወራላት አልቆጠበችም። ይዟት አብሮ አደጉ መካኒኩ ኑርሁሴን ዘንድ ሄደ። ኑርሁሴን ሞተሩን ዞር ብሎም አላየው። ከኋላ ወንበር ሥር ያለውን የባትሪ ማናፈሻ ፈታና የተጠቀጠቀውን አቧራና የውሻ ፀጉር አራገፈው።

«ይሄ ሲታፈን ባትሪው ይግላል፤ ባትሪው ሲግል ሥራው ሁሉ ሞተሩ ላይ ይወድቃል» አለ። «የጎማህን አየር ቶሎ ቶሎ አስለካ። ከኋላ ዕቃ አትከምር። ዋናው ግን እግርህ ነው።»

«እግሬ ምን አደረገ?»

«ይቸኩላል። ነዳጅ መስጫውን ስትረግጥ የተኛ ሕፃን አጠገብ እንደምትራመድ አድርገህ ርገጥ። ቀይ መብራት ከሩቅ ካየህ እግርህን አንሣ፤ ፍሬኑን ቀደም ብለህ ለስለስ አድርገህ ያዝ። ስትወርድ የሚባክነውን ጉልበት ባትሪው መልሶ ይለቅመዋል።»

«ስወጣስ?»

«እንደምትወርድ አስበህ ንዳ» አለ ኑርሁሴን፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ።

አያልነህ ምክር ሲሰጡት ቃል በቃል የሚፈጽም፣ ለዚህም ከልጅነቱ ጀምሮ የሚሳቅበት ሰው ነው። እንደሚወርድ አስቦ ነዳ። መጀመሪያ ሰሞን መንገዱ እምቢ አለ። ኅዳር ላይ፣ በሚካኤል ማግስት፣ እሺ አለ። ያን ቀን ማታ ከቃሊቲ እስከ ቤቱ ሞተሩ አንድም ጊዜ አልተነሣም፤ የነዳጅ ጌጁም ንቅንቅ አላለም። በር ላይ ሲደርስ ቆላ እንደወረደ ሰው ጆሮው ጠቅ አለ።

ሄዶም ተመልሶም የወረደ ሰው ከተነሣበት ከፍታ ሊደርስ አይችልም። ስለዚህ ቤቱም ወረደ። አጥሩ ያው ነው፣ ጎረቤቱ ያው ነው፣ የበሩ ቁጥር ያው ነው፤ ዝቅ ብቻ አለ። መጀመሪያ ያወቀችው ስንዱ ናት፤ ግማሽ ቀን ይፈጅባት የነበረው ባቄላ ቶሎ በሰለላት። ጥር ላይ ብርድ ልብሱን አጣጥፋ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተተችው። ቅጠል ብቻ ሲያሳያቸው የኖረው የማንጎ ዛፍ አፈራ። ጎረቤቶች ሊጠይቋት ሲመጡ ጋቢያቸውን በር ላይ አውልቀው ይገባሉ፣ ሲወጡ መልሰው ይደርባሉ። አንዳቸውም ለምን ብለው አልጠየቁም፤ ሰው ቤት ሄዶ ስለ አየሩ መጠየቅ ነውር ነው።

«ቤታችን እየወረደ ነው» አለችው ስንዱ አንድ ቀን።

«አውቃለሁ።»

«መኪናዋ ናት?»

«እግሬ ነው።»

«እንግዲያው እግርህ ይባረክ» አለችና ሳትቆም፣ ግድግዳ ሳትደገፍ፣ ከመኝታ ቤት እስከ ውጭው በር ተራመደች። አያልነህ ደስታው ከአቅሙ በላይ ሆነበት። ወጥቶ መኪናዋ ውስጥ ገባና፣ ሳይነዳ፣ ብዙ ተቀመጠ።

ከፋሲካ በኋላ የእድሩ ዳኛ አቶ ድንበሩ መጡ። ጋቢያቸውን በር ላይ ሰቀሉ።

«አያልነህ፣ እሑድ ልጄን እድራለሁ። መኪናህ ከአጀቡ እንዳትቀርብኝ።»

«ጋሼ ድንበሩ፣ ይህቺ መኪና ችኮላ አይስማማትም።»

«ሰርግ ነው እንጂ እሳት አደጋ ነው እንዴ?»

«እንግዲያው እኔው ልንዳት?»

«አንተማ እንግዳ ተቀባይ ነህ፣ ከድንኳኑ ወዴት ትሄዳለህ? ሚዜው ናሆም ይነዳታል።»

ለእድር ዳኛ መኪናውን የሚነፍግ ሰው ወደ ገዛ ቀብሩ ብቻውን ሊሄድ ያሰበ መሆን አለበት። አያልነህ ቁልፉን በሁለት እጁ ሰጠ። ለናሆም ስለ እግሩ ነገረው። ናሆም ማስቲካውን እያኘከ «እሺ ጋሼ፣ እሺ» አለ። መኪናዋ ላይ ነጭና ሮዝ ሪባን ታሰረባት።

የሰርግ አጀብ እንዴት እንደሚነዳ አገር ያውቃል። ጥሩንባው አያባራም፤ እርስ በርስ መቀዳደም አለ፤ አደባባይ ሲደርሱ ቪዲዮ አንሺው ከመኪናው መስኮት እስከ ወገቡ ወጥቶ «አንዴ ድገሙት!» ይላል። ደጋገሙት። ናሆም ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ በረገጠ ቁጥር የአያልነህ ቤት ወደ ላይ ወጣ።

አያልነህ ድንኳኑ ውስጥ የእጅ ውኃ እያስታጠበ ሳለ ከራሱ ቤት አጥር ማዶ ብርድ መጣበት። ማስታጠቢያውን አስቀምጦ ሄደ። በሩ አጠገብ ውርጭ ባለበት ተራራ ላይ ብቻ የሚበቅለው ጅብራ ሰው አክሎ በቅሏል። አጥሩ ላይ አንድ ጭላዳ ዝንጀሮ ተቀምጦ ሣር ያመነዥካል። የማንጎው ቅጠል ረግፎ በውርጭ ተሸፍኗል። ስንዱ አልጋው ጠርዝ ላይ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ ተክላ፣ ከንፈሯ ጠቁሮ አገኛት።

«ከፍ... አልን» አለችው።

ናሆም መኪናዋን እያስጮኸ መለሳት። «ጋሼ፣ ትበራለች እኮ!» አለ።

«አውቃለሁ» አለው አያልነህና ቁልፉን ተቀበለው። ስንዱን ደግፎ መኪናዋ ውስጥ አስቀመጣት።

ሚስቱ የምታጣጥር ሰው ይሮጣል። አያልነህ መሮጥ አይችልም ነበር። አንዴ አጥብቆ ቢረግጥ እሷን እንደያዘ ሽቅብ ይወጣል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ለስንዱ የሚሆን አየር የለም። ፈራ። ጫማውን አወለቀና በካልሲ ነዳ። መኪናዋ ድምፅ ሳታሰማ ተንቀሳቀሰች። ከኋላው ያለው ሁሉ ጥሩንባ ነፋበት። የሚኒባስ ረዳት አንገቱን አውጥቶ «አባት፣ ተኙ እንዴ?» አለው። አያልነህ ሩቅ ሩቅ እያየ፣ ቀይ መብራቱን ገና ከሩቁ እየተቀበለ፣ ፍሬኑን ለስለስ አድርጎ እየያዘ ወረደ። እንባው አገጩ ላይ ይንጠባጠባል፤ ሊጠርገው ግን እጁን ከመሪው ማንሣት ፈራ።

ሪባኑን የፈታው ሰው አልነበረም። ሜክሲኮ አደባባይ ላይ ታክሲ የሚጠብቁ ሴቶች ቀስ ብላ የምትሄደውን የሰርግ መኪና አይተው እልል አሉ። ውስጥ ያሉት ሽበታሞች መሆናቸውን ሲያዩ አንዷ ሳቀችና እልልታውን ደገመችው። ስንዱ በቀረቻት ትንፋሽ እጇን አወዛወዘችላቸው።

ቃሊቲ ሲደርሱ ከንፈሯ ቀላ ማለት ጀምሮ ነበር።

«ትተነፍሻለሽ?»

«ትንሽ።»

«እንመለስ?»

«እንመለስ። ግን አትቸኩል፤ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች።»

ተመለሱ፤ ወረዱ። በራቸው ላይ ሲደርሱ ጅብራው ጠፍቷል፣ ስንዱ ግን ገና ታቃስታለች። ሳይገቡ ዞረው እንደገና ወደ ቃሊቲ ወረዱ። በሁለተኛው መመለሻ ጋቢዋን ጣለች። በሦስተኛው የመኪናዋን መስኮት ከፈተች። ከዚያ ጭንቅላቷን ወንበሩ ላይ አስደግፋ፣ ያለ አንድም ትራስ፣ ተኛች። አያልነህ እዚያ ላይ ሊበቃው ይችል ነበር። ነገር ግን ስትተነፍስ መስማቱ ደስ አለው፤ ደግሞም ነገ ሌላ ሰርግ ይኖራል። ስለዚህ ሄደ፣ ተመለሰ። ደግሞ ሄደ፣ ተመለሰ። የነዳጅ ጌጁ ጠዋት ከነበረበት ከፍ አለ። ጆሮው ጠቅ ማለቱን ከተወ ቆይቷል።

ሲመሽ ቤታቸው ገቡ። ግቢው ሞቅ ያለ ነው፤ ብርሃኑ በውኃ ውስጥ አልፎ እንደመጣ አረንጓዴ ሆኗል። የአቶ ድንበሩ ድንኳን ዘፈን ከበላያቸው፣ ከሩቅ፣ ተድበስብሶ ይሰማል። አያልነህ የመኪናዋን በር ከፍቶ ስንዱን አወረዳት። ቀና ሲሉ ከጣሪያቸው በላይ የአንዲት ጀልባ ሆድ ቀስ ብሎ ሲያልፍ አዩ።

«ደረስን?» አለችው።

«ደረስን።»

ስንዱ ስታገባው ጊዜ ትተነፍሰው እንደነበረው አድርጋ፣ ደረቷ እስኪሞላ አየር ሳበች፤ ከዚያም ለቀቀችው። ትንፋሿ ነጫጭ አረፋ ሆኖ በጣሪያው ጎን ሽቅብ ወጣ። ጀልባዋ ቆመች። አንድ ሰው ከጠርዟ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ እጁን በግንባሩ ላይ ጋርዶ፣ አረፋው ወደሚመጣበት ወደ ታች ተመለከተ።