የበጉን ራስ ማን ተቀበለ?

ልጄ ቤክቱር ፊልም መሥራቱን የሰማሁት ከጎረቤት ነው። ከተነጋገርን ሁለት ዓመት አልፎን ነበር። እኔ የዚህን መንደር በግና ፈረስ ሠላሳ ዓመት ያከምኩ የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ የመድኃኒት ቦርሳዬን ለሱ ላወርሰው አስቤ ነበር። እሱ ግን የእንስሳት ሕክምና ትምህርቱን በሦስተኛው ዓመት ጥሎ፣ ካሜራ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ መጣልኝ። «ከዛሬ ጀምሮ ልጅ የለኝም!» አልኩት። ከአፌ ነው እንጂ ከልቤ አልነበረም። እሱ ልቤን ከየት ይስማው፤ ሻንጣውን ይዞ አክስቱ ቤት ገባ።

አንድ እሁድ ከሰዓት ፊልሙ በባህል ቤቱ ሊታይ ሆነ። «ምን ቆርጦኝ ነው የምሄደው!» አልኩ። ሚስቴ ቡሩል የዓመት በዓል ባርኔጣዬን አምጥታ ራሴ ላይ ደፋችው።

«ሂድና ከኋላ ተቀመጥ» አለችኝ። «ልጅህ አሁንም ልጅህ ይሁን አይሁን በዓይንህ እየው።»

እውነቷን ነው። እኔም ማወቅ የፈለግሁት እሱን ብቻ ነበር።

ፊልሙ «የግራ ቦት ጫማ» ይባላል። አንድ ባለብዙ በግ ሽማግሌ ይጠፋሉ፤ ወንዝ ዳር የግራ ጫማቸው ብቻ ይገኛል። ማን ገደላቸው? ነገሩ ያስፈራ ነበር፣ የመርማሪው ካፖርት የባለሱቋ የዛሪፓ ባይሆን ኖሮ። ደረቱ ላይ አበባ ተጠልፎበታል። የፖሊስ መኪና የተባለችው ደግሞ የዳቦ ማመላለሻችን ናት። «ዳቦ» የሚለውን ጽሑፍ በአንሶላ ሸፍነውታል፤ ነፋስ አንሶላውን በገለጠው ቁጥር አዳራሹ በሳቅ ያልቃል። እኔ አልሳቅሁም። አንዴ ብቻ ሳቅሁ፣ እሱንም ሳል አስመስዬ።

አሥረኛው ደቂቃ ላይ የእራቱ ትዕይንት መጣ። ጫማው ገና አልተገኘም፤ ሽማግሌው ከተማ ሄደዋል ተብሎ ቤተሰቡ ይበላል። የሽማግሌው ልጅ ሆኖ የሚጫወተው ራሱ ቤክቱር ነው። የተቀቀለው በግ ቀረበ። የበጉን ራስ በሳህን አድርገው ለቤክቱር ዘረጉለት። ተቀበለ! ቢላውን አንሥቶ መቁረጥ ጀመረ።

በእኛ ደንብ የበግ ራስ የገበታው ታላቅ ሰው ድርሻ ነው።

«ገዳዩ እሱ ነው!» ብሎ ከፊት ወንበር ብድግ አለ ሻርሼ፣ ጡረታ የወጣው ፖሊስ። «አባቱ በሕይወት ያለ ሰው የበግ ራስ ይቀበላል እንዴ? መሞታቸውን ያውቃል ማለት ነው! እሰሩት!»

«እሰሩት!» አለ አዳራሹ በሙሉ።

ከዚያ በኋላ ያለው አንድ ሰዓት ተኩል መከራ ነበር። መርማሪው አሻራ ፈለገ፣ ጎርፍ ውስጥ ገባ፣ ጣራ ላይ ወጣ። ሕዝቡ «አንተ ደንቆሮ፣ የበጉን ራስ የበላውን ያዘው!» እያለ ይጮህበታል። በመጨረሻ ገዳዩ ማን ሆኖ ቢገኝ ጥሩ ነው? የእንስሳት ሐኪሙ። በሌላ ቀን ቢሆን ወንበሩን እሰብረው ነበር። ያን ቀን ግን ደንታም አልሰጠኝ። ሰዎች ሳቃቸውን እየጨረሱ አንድ በአንድ ወደ እኔ ይዞሩ ነበር። እኔ በሕይወት ተቀምጬ ልጄ የበግ ራስ ቆረጠ። በመንደሩ ሁሉ ፊት ቀበረኝ። ሆድ ባሰኝ፤ ባርኔጣዬን አውልቄ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት።

መብራት በራና ቤክቱር ደብተር ይዞ መድረክ ላይ ወጣ። «በሚቀጥለው ወር ናሪን ከተማ ይታያል። አስተያየት ካላችሁ...»

«ሐኪሙን ፍታው!» አለ ሻርሼ። «ንጹሕ ሰው ነው ያሰርከው። ስንት ዓመት ፖሊስ የነበርኩ ሰው ነኝ!»

«አንድም ሌባ ሳትይዝ» አለች ዛሪፓ። «እኔ የምለው ካፖርቴ ታጥቦ ይመለስልኝ ነው። ሥጋውም ጥሬ ነው፤ ከዚህ ሆኜ ይታየኛል።» ቀጥላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ደግሞ ልጄ፣ አባትህ እኮ ያውልህ፣ ከኋላ ተቀምጠዋል። የበጉን ራስ ለምን ተቀበልክ?»

ያን ጊዜ አየኝ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«የበጉ ራስ የሚሰጠው ለአጎትየው ነበር» አለ። «አጎት የሚሆነው ሰውዬ ሣር አጨዳ ሄደብኝ። በጉ አንድ፣ ሥጋው እየቀዘቀዘ... ሳላስበው ተቀበልኩት።»

ተነሣሁ። «ምኑን ነው ያላሰብከው? እኔ መኖሬን?»

«አባባ፣ ልጅ የለኝም ብለውኛል እኮ» አለ። «ታዲያ እኔ አባት አለኝ ብዬ እጄን ልሰብስብ?»

ባርኔጣዬን መልሼ ራሴ ላይ ደፋሁ።

«ነገ አንድ በግ አርዳለሁ» አልኩት። «ያንን እራት እንደገና ቅረጸው። ራሱን እኔ ነኝ የምቀበለው።»

«ማን ሆነው?»

«አባትህ ሆኜ ነዋ!»

«አባትየውማ ሞተዋል፣ አባባ።»

«አልሞቱም በላ!»

«ካልሞቱ ፊልም የለም!»

አዳራሹ ተናወጠ። ግማሹ «ይኑሩ!» ይላል፤ ሻርሼ «ሬሳ ከሌለ ክስ የለም!» እያለ ይጮሃል።

«ጸጥ በሉ!» አለች ዛሪፓ። «እርስዎ አጎትየውን ይሁኑ። አለቀ!»

በማግስቱ ቀትር ላይ ቤክቱር ከሁለት ዓመት በኋላ ደጃችንን ረገጠ። ቡሩል ሥጋውን ማንም እንከን እንዳያወጣለት አድርጋ ቀቀለችው። እሱ ካሜራውን በሦስት እግሩ አቁሞ መቅረጽ አስጀመረውና ሮጦ አጠገቤ ተቀመጠ። «ወንድሜ ከከተማ መቼ ይመለሳል?» ብል ይበቃኝ ነበር፤ ጠዋቱን ሙሉ ሳጠናው ነው የዋልኩት። የበጉ ራስ ሲቀርብልኝ ግን ጥናቴ ጠፋ። ቢላውን አንሥቼ የቀኝ ጆሮውን ቆረጥኩና ዘረጋሁለት።

«እንካ» አልኩት። «ጆሮ ለልጅ ነው።»

ሃያ አምስት ዓመቱ ነው፤ እንዳለ አፉ ውስጥ ከተተው። እያኘከ አለቀሰ፤ እኔም አለቀስኩ። ካሜራው መቅረጹን ቀጠለ፤ «አቁሙ» የሚለው ሰው አፉ ሙሉ ነበር።

ሌላ በግ የለምና ያው ቀረጻ ፊልሙ ውስጥ ገብቶ ናሪን ሄደ። ተመልካቾች አስተያየታቸውን በወረቀት ጽፈው ሰጡት፤ ቤክቱር ቤት ይዞት መጥቶ ገበታ ላይ አነበበልን። ግማሹ የዳቦ መኪናዋን ይሰድባል። አንዱ ግን እንዲህ ብሎ ነበር፦ «ገዳዩን እስከ መጨረሻው አላወቅሁትም። ዋናው ምስጢር ግን አላመለጠኝም፤ ያ አጎት የተባለው ሰውዬ የልጁ አባት ነው።»

«ይኸ ሰው ፊልም ይገባዋል» አልኩ፣ ሥጋውን ወደ ልጄ እያስጠጋሁ።